የጥምቀትን ዕለት የሚያወጣ ድርድር

ጎንደር ላይ ጥር ሲቃረብ ከሁሉም አፍ የሚወጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዘንድሮ ጥምቀት በምን ቀን ይውላል?» ጥር 11 መሆኑን የማያውቅ የለም። የሚጠየቀው ሰኞ ነው ወይስ ቅዳሜ የሚለው ነው። ባለ ሆቴሉ እንግዳው መቼ እንደሚጎርፍ ለመገመት፣ ጥልፍ ጠላፊዋ ቀሚሱን ለማድረስ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ ስንት ቀን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ለማወቅ ይፈልገዋል። እኔ ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምሩ ተማሪዎቼ ስለ ድርድር ሳስተምር ይህንኑ ጥያቄ መልመጃ አደርገዋለሁ። መልሱን ለማግኘት ሁለት ድርድሮችን በትክክል መሙላትና አንዱን በዑደት፣ ማለትም አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ በሚያስኬድ ሉፕ፣ መዞር ይበቃል። ጀማሪ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህች አጭር ሥራ ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ።

ድርድር የምለው ፕሮግራመሮች አሬይ የሚሉትን ነው። ቃሉ ራሱ ጥሩ አድርጎ ይገልጸዋል፤ ስኒ በረከቦት ላይ እንደሚደረደር፣ ዋጋዎች በአንድ ስም ሥር ጎን ለጎን ይደረደራሉ። የ13ቱን ወራት የቀን ብዛት ለመያዝ ያለ ድርድር «መስከረም = 30»፣ «ጥቅምት = 30» እያልን 13 ተለዋዋጮችን፣ ማለትም ዋጋ የሚይዙ ስሞችን፣ መፍጠር እንችል ነበር። ነገር ግን «ከጥር በፊት ያሉትን ወራት ደምር» ብለን ልናዝዝ አንችልም። እኛ መስከረምን ጥቅምት እንደሚከተለው ስለምናውቅ የታወቀ ይመስለናል እንጂ ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። በድርድር ውስጥ ሲገቡ ግን ተራ ይይዛሉ፤

ወራት = [30, 30, 30, 30, 30, 30, 30, 30, 30, 30, 30, 30, 5]
ዕለታት = [«ሰኞ», «ማክሰኞ», «ረቡዕ», «ሐሙስ», «ዓርብ», «ቅዳሜ», «እሑድ»]

ትእዛዞቹን ለንባብ እንዲመቹ በአማርኛ አስቀምጫቸዋለሁ። ይህ የንድፍ አጻጻፍ ነው፤ ወደምትማሩት ቋንቋ መመለሱ የእናንተ ሥራ ይሆናል። ሆኖም ፓይተን 3 እና ጃቫ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የተለዋዋጭ ስም ይቀበላሉ። «ወራት» ብላችሁ ብትሰይሙ ይሠራል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ። የቋንቋዎቹ የራሳቸው ትእዛዞች ግን እንግሊዝኛ ናቸውና እነሱን መልመድ ግድ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው መሰናክል እንምጣ። ከ«ወራት» ውስጥ የመስከረምን ለማውጣት የሚጻፈው ወራት[0] ነው። ጥቅምት ወራት[1]፣ ጥር ወራት[4]፣ ጳጉሜን ደግሞ ወራት[12] ናት። በቅንፉ ውስጥ ያለው ቁጥር ኢንዴክስ ይባላል። «ጥር አምስተኛ ወር አይደለም? ለምን 4 ይሆናል?» የማይል ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ጥያቄው ትክክል ነው። «ኮምፒውተር ከዜሮ ይቆጥራል፣ ዝም ብላችሁ ያዙት» የሚል መልስ ግን ተማሪውን ያታልለዋል። ኮምፒውተሩ እዚህ ላይ እየቆጠረ አይደለም፤ ርቀት እየለካ ነው።

እንዲህ ነው። ድርድሩ በሜሞሪ ውስጥ አንድ መነሻ አድራሻ አለው እንበል፤ 1000 ይሁን። እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት (ባይት የሜሞሪ መለኪያ ነው) የሚይዝ ከሆነ የመጀመሪያው በ1000፣ ቀጣዩ በ1004፣ ከዚያ በ1008 እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ የማንኛውም ዋጋ አድራሻ መነሻው ሲደመር ኢንዴክሱ በ4 ተባዝቶ ነው። ወራት[4] ማለት 1000 + 4 × 4፣ ማለትም 1016 ነው። መስከረም መነሻው ላይ ስለተቀመጠ ከመነሻው ያለው ርቀት ምንም ነው፤ ዜሮ። ኢንዴክስን «ስንተኛ ነው?» ብላችሁ ሳይሆን «እዚያ ለመድረስ ከመነሻው ስንት እርምጃ ልራመድ?» ብላችሁ አንብቡት። ፎርትራን፣ ማትላብና ሉዋ ከ1 ይጀምራሉ፤ ጀማሪ በብዛት የሚገናኛቸው ሲ፣ ጃቫ፣ ጃቫስክሪፕትና ፓይተን ግን ሁሉም ከዜሮ ናቸው።

ይህን በሰሌዳ ላይ እያብራራሁ ሳለ በአብነት ትምህርት ቤት አልፎ የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አነሣ። «መምህር፣ ይህማ ባሕረ ሐሳብ ነው» አለኝ፤ ቤተ ክርስቲያን በዓላትን የምታወጣበትን የዘመን ስሌት ማለቱ ነው። ጎንደር የአቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ አገር ናትና እንዲህ ያለ ተማሪ በክፍል ውስጥ መገኘቱ አይገርምም። የገረመኝ ንጽጽሩ ልክ መሆኑ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል። እሱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ እኩል ሲካፈል ደግሞ ዮሐንስ። እንግዲህ ይህን በድርድር ጻፉት፤

ወንጌላውያን = [«ዮሐንስ», «ማቴዎስ», «ማርቆስ», «ሉቃስ»]

የዮሐንስ ቦታ ዜሮ ነው። 2018ን ብንወስድ 7518 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ወንጌላውያን[2] ማርቆስ ነው፤ ዘመኑም በእርግጥ ዘመነ ማርቆስ ነው። ከዚህም በላይ አለ፤ መምህራኑ ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍለው ከቀሪው ላይ አንድ ይቀንሳሉ፣ ውጤቱንም ወንበር ይሉታል። ስንተኛነትን ወደ ርቀት የሚለውጠው ይህ አንድን መቀነስ፣ ጀማሪ ፕሮግራመር «አምስተኛው ወር ኢንዴክሱ 4 ነው» ሲል የሚያደርገው ያው ቅነሳ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዜሮን ከኮምፒውተር እንደመጣ እንግዳ ነገር አድርጌ አስተምሬ አላውቅም።

የእኛ ሁለተኛ ድርድር፣ «ዕለታት»፣ ከሰኞ የጀመረበት ምክንያትም ይኸው ነው። መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ለማግኘት ዓመተ ዓለሙና ሩቡ፣ ማለትም መጠነ ራብዒቱ፣ ተደምረው ለ7 ይካፈላሉ። ሩቡ ሲወሰድ ቀሪው ይጣላል። የማካፈሉ ቀሪ 1 ቢሆን ማክሰኞ፣ 2 ቢሆን ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልቀረ ሰኞ ነው። ለ2018 ስንሠራው 7518 + 1879 = 9397፣ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3። ዕለታት[3] ሐሙስ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ዋለ።

ከዑደቱ በፊት ስለ መሙላት ልናገር፤ ሰዎች በችኮላ የሚያልፉት ክፍል ነውና። ድርድር ሲፈጠር መነሻ ዋጋ ይፈልጋል። ከላይ እንዳደረግነው ዋጋዎቹን አንድ በአንድ መዘርዘር አንዱ መንገድ ነው፤ ጥቂት ሲሆኑና አስቀድመው ሲታወቁ ከዚህ የተሻለ የለም። ብዙ ሲሆኑ ግን መጀመሪያ ቦታውን በቁጥር ወስኖ በኋላ በዑደት መሙላት ይቀላል፤

ወራት = 13 ቦታ ያለው አዲስ ድርድር
ለ ቁ ከ 0 ጀምሮ፣ ቁ < 12 እስከሆነ ድረስ፣ በ1 እየጨመረ፦
    ወራት[ቁ] = 30
ወራት[12] = 5

በሁለቱ እርምጃዎች መካከል፣ ቦታው ተወስኖ ገና ሳይሞላ፣ በድርድሩ ውስጥ ምን አለ? መልሱ እንደ ቋንቋው ይለያያል። ጃቫ ቁጥር የሚይዙትን ቦታዎች ሁሉ 0 አድርጎ ያስረክባል። ሲ ግን በፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት በአንድነት በሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ) ውስጥ የታወጀን ድርድር መነሻ ዋጋ ካልሰጣችሁት እንዳለ ይተወዋል፤ በዚያ የሜሞሪ ቦታ ላይ ቀደም ሲል የነበረ የሌላ ሥራ ትርፍራፊ እዚያው ይቆያል። ቡና የሚቀዳበትን ስኒ አስቡ። ካልታጠበ የቀድሞው ጠጪ አተላ ከሥሩ አለ፤ ላዩ ላይ የተቀዳው አዲስ ቡና ቢሆንም ጣዕሙ ይበላሻል። ያልተሞላ ድርድር ላይ መደመር የጀመረ ፕሮግራም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ጊዜ አተላው በአጋጣሚ 0 ይሆንና ፕሮግራሙ በትክክል ይሠራል፤ በማግስቱ ደግሞ የማይታመን ቁጥር ያወጣል።

ሲ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። 13 ቦታ አውጆ በቅንፍ ውስጥ 30ን ብቻ የጻፈ ጀማሪ 13ቱም ቦታዎች 30 የሆኑ ይመስለዋል። አይሆኑም፤ የመጀመሪያው 30 ይሆናል፣ የቀሩት 12 በዜሮ ይሞላሉ። ዓመቱ 30 ቀን ብቻ ሆነ ማለት ነው። በፓይተን ግን ባለ አንድ 30 ዝርዝርን በ13 ማባዛት በእርግጥ 13 ጊዜ 30 ይሰጣል። ሁለቱ ሲታዩ ተቀራራቢ ስለሆኑ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው እዚህ ላይ ቆም ቢል ይጠቀማል።

የቦታው ብዛትም አንዴ ከተወሰነ በሲና በጃቫ አይለወጥም። የፋሲል ግቢን የሚከበው አጥር 900 ሜትር ያህል ሲሆን 12 በሮች አሉት። 13ኛ በር ያስፈልገናል ቢባል አጥሩን ማፍረስ ይጠይቃል። ድርድርም እንደዚያው ነው፤ ማስፋት ሲያስፈልግ ሌላ ትልቅ ድርድር ተፈጥሮ የቀድሞው ወደዚያ ይገለበጣል። የፓይተን ዝርዝርና የጃቫስክሪፕት አሬይ ሲጨመርባቸው ያድጋሉ፤ የወሩ ቁጥር 13 ሆኖ ለሚኖር ለእኛ ሥራ ግን ይህ አያሳስበንም።

አሁን ዑደቱ። ጥር 11 ከመስከረም 1 ምን ያህል እንደሚርቅ ለማወቅ ከጥር በፊት ያሉትን አራት ወራት መደመር አለብን፤

ድምር = 0
ለ ቁ ከ 0 ጀምሮ፣ ቁ < 4 እስከሆነ ድረስ፣ በ1 እየጨመረ፦
    ድምር = ድምር + ወራት[ቁ]

ይህን በኮምፒውተር ከማስኬዳችሁ በፊት በእርሳስ አስኪዱት። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስጨንቃቸው በዚህ ነው፤ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ሠርተው፣ በአንዱ ቁን በሌላው ድምርን እየጻፉ እንዲከታተሉ። ቁ 0 ሲሆን ድምር 30 ይሆናል። ቁ 1 ሲሆን 60፣ ቁ 2 ሲሆን 90፣ ቁ 3 ሲሆን 120። ከዚያ ቁ 4 ይሆናል፤ «4 ከ4 ያንሳል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አያንስም፤ ዑደቱ ያበቃል። ጥር ራሱ አልተደመረም፤ መደመርም የለበትም፤ ገና አላለቀምና። ድምር ከዑደቱ በፊት 0 መሆኑንም አትርሱ፤ እሱም መታጠብ ያለበት ስኒ ነው። «ድምር = 0» የሚለውን መስመር ወደ ዑደቱ ውስጥ ያስገባ ተማሪ በየዙሩ ስለሚያጥበው መጨረሻ ላይ 30 ብቻ ያገኛል።

120 ላይ ስንት እንጨምር? 11 ለማለት እጅ ይፈጥናል። ርቀት እንደምንለካ ካስታወስን ግን ጥር 1 ከጥር 1 የሚርቀው 0 ነው፤ ጥር 11 የሚርቀው 10 ነው። ስለዚህ 130። መስከረም 1 ሐሙስ ስለነበር ከኢንዴክስ 3 ተነሥተን 130 ቀን እንራመዳለን፤ 3 + 130 = 133። ዕለታቱ ሰባት ብቻ ስለሆኑ እሑድ ላይ ስንደርስ ወደ ሰኞ እንመለሳለን፤ ይህን መመለስ የሚሠራልን ለ7 ማካፈልና ቀሪውን መውሰድ ነው። 133 ለ7 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ዕለታት[0] ሰኞ። ጥር 11 ቀን 2018 ሰኞ ነው።

እዚህ ላይ የተሳሳቱ መልሶችን ማየት ከትክክለኛው መልስ የበለጠ ያስተምራል። «ቁ < 4» በሚለው ፋንታ «ቁ ≤ 4» የጻፈ ጥርንም ይደምርና 150 ያገኛል፤ የሚወጣለት ረቡዕ ነው። ዑደቱን ከ1 የጀመረ መስከረምን ዘልሎ 90 ያገኛል፤ ቅዳሜ ይለዋል። 10 በማለት ፋንታ 11 የጨመረ ማክሰኞ ላይ ያርፋል። እነዚህ ሁሉ በአንድ የመሳት ስሕተቶች ናቸው፤ ከመልሱ አካሄዳቸው ስለሚታወቅ እኔ አልፈራቸውም።

የምፈራው አራተኛውን ነው። አንድ ተማሪ ዑደቱን ከ1 ጀምሮ እስከ «ቁ ≤ 4» ያስኬደዋል። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ተደመሩ፤ መስከረም ቀረ። ድምሩ ግን 120 ነው! የተሳሳቱት ወራት ሁሉ 30 ስለሆኑ አንዱ ስሕተት ሌላውን ሸፈነው፤ ሰኞ የሚል ትክክለኛ መልስ ወጣ፤ ተማሪውም ተደስቶ ሄደ። የእኛ ወራት እኩልነት ለቀን መቁጠሪያው በረከት ቢሆንም ለፕሮግራም ፈታሽ መደበቂያ ዋሻ ይፈጥራል። ስሕተቱ የሚጋለጠው ዓመቱን ሙሉ እንዲደምር ሲታዘዝ ነው። ትክክለኛው ዑደት ከ0 እስከ «ቁ < 13» ሄዶ 365 ይሰጣል። የዚያ ተማሪ ዑደት ግን ከ1 እስከ 13 ይሄዳል፤ ወራት[13] የሚባል ቦታ ደግሞ የለም። ጃቫና ፓይተን ከድርድሩ ወሰን መውጣቱን ነግረው ፕሮግራሙን ያቆሙታል። ሲ ወሰን አይጠብቅም፤ ከጳጉሜን ቀጥሎ በሜሞሪው ላይ ያለውን ማንኛውንም ነገር አንብቦ እንደ ወር ሊደምረው ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራማችሁን ስትፈትኑ ዋጋቸው የተለያየ ቁጥሮችን አስገቡበት፤ ለሙከራ «ወራት»ን ወደ [1, 2, 3, 4…] ቀይራችሁ ብታስኬዱት እንዲህ ያለው ስሕተት ወዲያው ይወጣል።

ከዜሮ ጀምሮ «ያንሳል» በሚል ማቆም ለምን እንደሚመረጥ ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለው ኔዘርላንዳዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1982 በአጭር ጽሑፍ አስረድቶ ነበር። ከክርክሮቹ አንዱን በእጃችን ባለው ነገር ማየት እንችላለን፤ ከ0 እስከ ከ4 በታች ሲባል የላይኛው ወሰን ሲቀነስ የታችኛው፣ 4 − 0፣ ልክ የዙሮቹን ብዛት ይሰጣል። መደመርም መቀነስም አያስፈልግም። ዑደታችሁን በዚህ ቅርጽ ብቻ የመጻፍ ልማድ ብታወጡ ደግ ነው።

ቦታው ሳያስፈልገን ዋጋው ብቻ ሲያስፈልገን «ለእያንዳንዱ ወር በወራት ውስጥ» የሚል አጭር ዑደት በአብዛኞቹ ቋንቋዎች አለ። ኢንዴክስ ስለሌለው በአንድ መሳት የለም። ነገር ግን በዚያ ዑደት ውስጥ «ወር = 6» ብትሉ ድርድሩ አይለወጥም፤ የለወጣችሁት በእጃችሁ የያዛችሁትን ቅጂ ነው። ድርድሩን ለመለወጥ ቦታውን መጥራት ይገባል። ይህም የምንፈልገው ነገር ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለችና፤

ከሆነ ቀሪ(ዓመተ_ዓለም፣ 4) = 3፦
    ወራት[12] = 6

ቁልፉን ሁሉ ይዘናል። ዓመታትን በሚዞር አንድ ዑደት ውስጥ እናስገባው፤ ዓመቱን 2018፣ 2019፣ 2020 እያደረገ የመስከረም 1ን ዕለት ያሰላል፣ 130 ይጨምራል፣ ለ7 አካፍሎ ቀሪውን በ«ዕለታት» ውስጥ ይፈልጋል። የሚወጣው ይህ ነው፤

2018 ሰኞ
2019 ማክሰኞ
2020 ሐሙስ

ይህን ውጤት ያዩ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚሉት «ተሳስቷል፣ ረቡዕን ዘለለ» ነው። አልተሳሳተም። 365 ለ7 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ በዓሉ በየዓመቱ አንድ ዕለት ይገፋል። 2019 ግን ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ሆና ዓመቱ 366 ቀን ስለሚሆን ቀጣዩ ዓመት ሁለት ዕለት ይገፋል። የአብነቱ ተማሪ ኮምፒውተሩን ሳይነካ በጣቶቹ አስልቶ ሦስቱንም ዕለታት ከክፍሉ ቀድሞ ነግሮን ነበር፤ ረቡዕ የት እንደገባች ለጓደኞቹ ያስረዳቸውም እሱ ነው።